ከቀድሞ ባል ወይም ሚስት ጋር የጥበቃ ትዕዛዝ ሲደጋገም፦ በሜሪላንድ ምን ይደረጋል?

«ኦርደር አወጣችብኝ።» «እሱም መልሶ አወጣብኝ።» ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህን ወሬ ሳይሰማ አይከርምም። ኦርደር የሚሉት የጥበቃ ትዕዛዝን ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዳያጠቃ ወይም እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት የሚያዝበት ወረቀት። ፍቺው አልቋል። ዕቃው ተከፋፍሏል። ሁለቱ ሰዎች ግን አሁንም በየጥቂት ወሩ ሮክቪል ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተራርቀው ተቀምጠው፣ ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። አንዱ መዝገብ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

አንዳንዱ ደጋግሞ የሚያመለክተው ዱላው ስላልቆመ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በልጅ ወይም በገንዘብ የተነሳውን ጠብ በዚህ ወረቀት ማሸነፍ ስለሚፈልግ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለቱም ወገን ነው፤ ደጋግሞ ለማመልከት ለተገደደም፣ ማመልከቻ ለሚደጋገምበትም።

ዝርዝሩ የሜሪላንድ ነው። ስለ ዲሲና ቨርጂኒያ መጨረሻ ላይ በአጭሩ አነሳለሁ። ጉዳያችሁን የሚያውቅ ጠበቃ ካለ ምክሩ ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማል።

አሁን አደጋ ላይ ከሆናችሁ ማንበቡን ተዉትና 911 ደውሉ። ቀን ከሌት የሚሠራው ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ነው፤ አስተርጓሚ ይሰጣሉ። በእንግሊዝኛ «Amharic» (አምሃሪክ) በሏቸው።

ደረጃ 1፦ በእጃችሁ ያለው የትኛው ወረቀት ነው?

ሰዉ ሁሉንም «ኦርደር» ይለዋል። ፍርድ ቤቱ ግን ይለያቸዋል፤ ቀጣዩ እርምጃችሁም በዚህ ይወሰናል።

ጊዜያዊው የሌሊት ትዕዛዝ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ሲዘጋ ነው፤ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓል ቀን። የሚሰጠው ዳኛ ሳይሆን ኮሚሽነር የሚባለው የፍርድ ቤት ሹም ነው። ፍርድ ቤቱ ሥራ ከጀመረ ቢበዛ እስከ ሁለተኛው የሥራ ቀን ማብቂያ ይቆያል።

ቀጥሎ በዳኛ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትዕዛዝ አለ። ለዚህ «ለማመን የሚያበቃ ምክንያት» በቂ ነው። ዳኛው ሌላውን ወገን ሳይሰማ ሊሰጠው ይችላል። ለተጠሪው፣ ማለት ትዕዛዙ ለወጣበት ሰው፣ ከደረሰ በኋላ እስከ 7 ቀን ይጸናል። መጥሪያው ካልደረሰ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለ እስከ 6 ወር ሊራዘም ይችላል።

የመጨረሻው ትዕዛዝ ሁለቱም ወገኖች ከተሰሙ በኋላ የሚሰጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። የማስረጃው ሚዛን ከግማሽ በጥቂቱ እንኳ ወደ አመልካቹ ካደላ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 2014 መስፈርቱ ከዚህ ጠንከር ያለ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት በፍርድ ቤት ያለፈ ዘመድ «እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም» ቢላችሁ፣ የሚነግራችሁ የድሮውን ነው።

የቀድሞ ባልና ሚስት፣ ወይም የጋራ ልጅ ያላቸው ሰዎች፣ ከተለያዩ ስንት ዓመት ቢሆናቸውም ይህን ትዕዛዝ መጠየቅ ይችላሉ። ሳይጋቡና ሳይወልዱ የተለያዩ ጓደኛሞች ግን የጊዜ ገደብ አለባቸው፤ ግንኙነቱ ከማመልከቻው በፊት ባለው 1 ዓመት ውስጥ የነበረ መሆን አለበት። ካለፈ የሚቀረው «ፒስ ኦርደር» የሚባለው ነው። እሱም ጥፋቱ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ የተፈጸመ እንዲሆን ይጠይቃል። ቢበዛ ለ6 ወር ይሰጣል።

ደረጃ 2፦ ደግሞ ከማመልከት በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ አሁን ምን ተፈጠረ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

እያንዳንዱ ማመልከቻ ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ዳኛው የአሥር ዓመት ትዳራችሁን ሊዳኝ አልተቀመጠም። የሚጠይቀው ካለፈው ችሎት ወዲህ ምን እንደ ደረሰ ነው። መልሱ እንደ ሁኔታው ወደ ተለያየ መንገድ ይወስዳል።

ትዕዛዙ በሥራ ላይ እያለ ከተጣሰ አዲስ ማመልከቻ አያስፈልግም። ትዕዛዝ መጣስ ወንጀል ነው። ፖሊስ ጥሩ፤ ወይም ኮሚሽነር ዘንድ ሄዳችሁ ክስ አቅርቡ። የመጀመሪያ ጥፋት እስከ 90 ቀን እስራትና እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ከተደገመ እስከ 1 ዓመትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። አዲስ ማመልከቻ አስገብቶ ጥሰቱን ዝም ማለት በእጅ ያለውን ዱላ ጥሎ ሌላ ፍለጋ እንደ መሄድ ነው።

ትዕዛዙ ሊያልቅ ከሆነና ሥጋቱ ካልቀረ ማራዘሚያ ጠይቁ። ዋናው ነገር ቀኑ ነው፤ ጥያቄው ትዕዛዙ ከማለቁ በፊት መግባት አለበት። በጊዜው ከገባና ችሎቱ ከማብቂያው ቀን በኋላ ከተቀጠረ፣ ትዕዛዙ እስከ ችሎቱ ድረስ ጸንቶ ይቆያል። በበቂ ምክንያት 6 ወር ይራዘማል። በትዕዛዙ ዘመን ሌላ ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ እስከ 2 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የማብቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ከዚያ ወር ቀደም ብሎ ሌላ ማንቂያ ሙሉ። አንድ ቀን ካለፈ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ትዕዛዙ አልቆ በ1 ዓመት ውስጥ አዲስ ጥቃት ከደረሰ አዲስ ማመልከቻ አስገቡ፤ የቀድሞውንም ጥቀሱ። የቀድሞው የመጨረሻ ትዕዛዝ ቢያንስ ለ6 ወር የተሰጠ ከነበረ፣ አዲሱ እስከ 2 ዓመት ሊሆን ይችላል። ብዙ አመልካች ይህን ስለማያውቅ አይጠይቅም። ሳይጠየቅ ደግሞ ላይሰጥ ይችላል።

ያለፈው ማመልከቻ ውድቅ ተደርጎ ከሆነ ያንኑ ታሪክ ይዞ መመለስ አያዋጣም። ዳኛ ሰምቶ የወሰነውን ሌላ ዳኛ እንደገና አይከፍተውም። ቅር ካላችሁ መንገዱ ይግባኝ ነው። ግን አዲስ ነገር ከተፈጠረ የድሮው ታሪክ ይጠቅማል። የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በኮበርን መዝገብ እንዳለው፣ ያለፈ የጥቃት ታሪክ የአሁኑን ሥጋት ለመመዘን ይቀርባል። ታሪኩ የአዲሱ ጉዳይ ምስክር ሆኖ ይገባል፤ ብቻውን ግን ጉዳይ አይሆንም።

ጠቡ በልጅ ወይም በገንዘብ ከሆነስ? «ልጁን በሰዓቱ አልመለሰም»፣ «ቀለብ አልከፈለችም»፣ «በቤተሰቡ ፊት ሰደበችኝ»። እነዚህ ያማሉ፤ አውቃለሁ። ለጥበቃ ትዕዛዝ ግን አይበቁም። ሕጉ የሚዘረዝረው አካላዊ ጉዳትን፣ ከባድ ጉዳት ሊደርስ ነው የሚል ፍርሃት የፈጠረ ድርጊትን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ በግድ ማገትን፣ እየተከታተሉ ማሳደድንና የመሳሰሉትን ነው። የልጅና የቀለብ ጉዳይ ቦታው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የሚባለው የካውንቲው ከፍ ያለ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ያለውን ውሳኔ ማስከበር ወይም ማስለወጥ ትችላላችሁ። የጥበቃ ትዕዛዝ ልጅን ለጊዜው ለአንዱ ወላጅ ስለሚሰጥ አቋራጭ ይመስላል። ብዙዎችም በዚሁ ተታለው ይገባሉ። ልጁን ለማግኘት ብሎ የተከፈተ መዝገብ ውድቅ ሲሆን ግን በኋላ በአሳዳጊነት ክርክሩ ላይ መልሶ ይጎዳል።

ደረጃ 3፦ ማመልከቻውን ስትጽፉ

ማመልከቻው በነፃ ነው። የምትፈርሙት በመሐላ ነው። ቅጹ በሁለታችሁ መካከል ስለነበሩ ሌሎች መዝገቦች ይጠይቃል። ሁሉንም ጻፉ፤ ውድቅ የሆነውንም፣ በቨርጂኒያ ወይም በዲሲ የተከፈተውንም። የተደበቀ መዝገብ በችሎቱ ቀን ከሌላው ወገን አፍ ሲወጣ እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል። አድራሻችሁ እንዳይታወቅ ከፈለጋችሁ ቅጹ ላይ ከመሙላታችሁ በፊት ለክለርኩ (ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ) ንገሩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ቢባልም፣ እዚህ በቅርቡ ከሆነው ጀምሩ። የት፣ መቼ፣ በምን፣ ማን አየ። ከዚያ በፊት ከነበሩት የከፉትን ሁለት ሦስቱን ጨምሩ። «ሁልጊዜ ያስፈራራኛል» ለዳኛ ምንም አይነግረውም። «ማርች 3 ቀን ከሥራ ስወጣ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ፤ በሩን ያዘ» ግን ይነግረዋል።

እኛን ለብቻችን የሚያጋጥሙን ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው ሰዓታችን ነው። በእኛ አቆጣጠር «ማታ 2 ሰዓት» ስንል በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 8 ነው። በድንጋጤ ጊዜ ደግሞ ሰው ወደ ልማዱ ይመለሳል። ማመልከቻው ላይ 2 ሰዓት፣ የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ 8 ሰዓት ከተጻፈ የሌላው ወገን ጠበቃ በዚያ ብቻ ሊያፋጥጣችሁ ይችላል። ቀኑም እንደዚያው ነው። ጥቅምት 5 ማለት ኦክቶበር 5 አይደለም፤ አሥር ቀን ገደማ ይለያያል። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም ከስልካችሁ መዝገብ ጋር አመሳክሩ።

ሁለተኛው ቋንቋችን ነው። «አሳይሻለሁ»፣ «ልክህን አስገባሃለሁ»፣ «አፈር ድሜ አስግጥሻለሁ»። እነዚህ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ ወይ ትርጉም ያጣሉ ወይ ቀልድ ይመስላሉ። በሌላ በኩል በአማርኛ ጓደኛሞች ሲቀልዱ «እገድልሃለሁ» ይባባላሉ፤ በወረቀት ላይ ግን ያ የግድያ ዛቻ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደተባለ በአማርኛ ጻፉ፤ ትርጉሙን ከጎኑ አስፍሩ፤ ከዚያም ዋናውን ነገር ጨምሩ፦ ባለፈው ይህን ቃል ሲል ምን አደረገ? «አሳይሻለሁ ባለኝ ማግስት የመኪናዬ ጎማ ተቀዶ አገኘሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር የትርጉም ክርክሩን ያሳጥረዋል። በእናንተ ላይ ለቀረበ ቃልም እንደዚሁ ነው፤ በምን አኳኋን እንደተባለ ማስረዳት መብታችሁ ነው።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል። እንግሊዝኛ ብትችሉም ጠይቁ። ቡና እያፈሉ የሚናገሩት እንግሊዝኛ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ ይከዳል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ በክለርኩ መስኮት ላይም ቢሆን።

ደረጃ 4፦ ማስረጃ

ቴሌግራም፣ ቫይበር፣ ዋትስአፕ፣ የድምፅ መልእክት፤ የኛ ማስረጃ በአብዛኛው እዚህ ነው ያለው። ስክሪን ስታነሡ የላኪው ስም ወይም ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ይታይ። ከላይና ከታች ያለውንም የንግግር ክፍል አትቁረጡ። የእናንተን መልስ ቆርጣችሁ ካቀረባችሁ ሌላው ወገን ሙሉውን ያመጣዋል። አትሙና ሦስት ቅጂ ያዙ፤ ለዳኛው፣ ለሌላው ወገን፣ ለራሳችሁ። የአማርኛ መልእክት ከነትርጉሙ ይቅረብ። ስልኩንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሰውን በድብቅ መቅዳት ግን ተጠንቀቁ። በሜሪላንድ የግል ንግግርን የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ሳይኖር መቅዳት ራሱ ወንጀል ነው። ጥሩ ማስረጃ አገኘሁ ብሎ ራሱን ተከሳሽ ማድረግ አለ። እሱ ወይም እሷ ራሳቸው ቀድተው የላኩት የድምፅ መልእክት ሌላ ነገር ነው።

ምስክር በአካል ይምጣ። የሽማግሌ ደብዳቤ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ የጎረቤት ፊርማ፤ እነዚህ አገር ቤት ክብደት አላቸው። እዚህ ሌላው ወገን ከተቃወመ ዳኛው ላይቀበላቸው ይችላል፤ ወረቀት መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስማ። ለመምጣት የሚፈራ ምስክር ካለ ፍርድ ቤቱ መጥሪያ እንዲያወጣለት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱ ለእናንተ ከደረሰ

ሸሪፉ በሩን ካንኳኳ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ነገር ይወስናሉ። የመጀመሪያው ፍላጎት ደውሎ «ምን አድርጌሽ ነው?» ማለት ነው። አትደውሉ። ያ አንድ ስልክ ባዶ የነበረውን መዝገብ ሊሞላው ይችላል።

ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የተከለከለው መቅረብ ብቻ ነው ወይስ መገናኘትም? ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተጠቅሷል? ልብስና መድኃኒት ለማውጣት ከፖሊስ ጋር መሄድ ይቻላል። በቀጠሮው ቀን መገኘት ግዴታችሁ ነው ብላችሁ ያዙት። «ውሸት መሆኑን እግዜር ያውቃል» ብሎ የቀረ ሰው፣ እሱ በሌለበት የመጨረሻው ትዕዛዝ ሊሰጥበት ይችላል። ለመዘጋጀት ጊዜ ካስፈለጋችሁ ቀርባችሁ ቀጠሮው እንዲራዘም ጠይቁ፤ እስከዚያ ጊዜያዊው ትዕዛዝ ይቀጥላል።

የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የእርዳታ ማዕከል በ410-260-1392 በነፃ ከጠበቃ ጋር ያገናኛል። አመልካችንም ተጠሪንም ያማክራሉ። ይህን ደግሜ የምናገረው ተጠሪ የሆነ ሰው «ለኔ እርዳታ የለም» ብሎ ስለሚቀር ነው።

ችሎቱ ላይ «ጥፋቱን ሳላምን በትዕዛዙ እስማማለሁ» የሚል አማራጭ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ምስክርነትን ያስቀራል፤ ቶሎ ያልቃል። ግን ትዕዛዙ ያው ትዕዛዝ ነው። ቢጣስ ያው ወንጀል ነው። መሣሪያ ታስረክባላችሁ። በፌዴራል ሕግም እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ያለበት ሰው መሣሪያ መያዝ ሊከለከል ይችላል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ክልከላውን አጽንቶታል። ከእኛ ሰው በጥበቃ (ሴኩሪቲ) ሥራ ላይ ያለ ብዙ ነው። መሣሪያ ይዞ የሚሠራ ጥበቃ ኮሪደር ላይ በአምስት ደቂቃ ከመስማማቱ በፊት እንጀራውን ያስብ።

በንዴት መልሶ ማመልከትስ? ነገርን ነገር ያነሳዋል። እናንተም በእውነት ጥቃት ደርሶባችሁ ከሆነ አመልክቱ፤ መብታችሁ ነው፤ ወንድ መሆንም አይከለክልም። «እሷ ካወጣችብኝ እኔም» በሚል ከሆነ ግን ተዉት። የሜሪላንድ ዳኛ ለሁለቱም ወገን ትዕዛዝ ሊሰጥ የሚችለው ሁለቱም ለየብቻ አመልክተው፣ ሁለቱም በዋናነት አጥቂ እንደነበሩና አንዳቸውም ራሳቸውን ሲከላከሉ እንዳልነበር ሲያምን ነው። አፋፍ ላይ ቆሞ የተጻፈ የአጸፋ ማመልከቻ ይህን አያልፍም።

ከሰርኪዩት በታች ባለው በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ከተሸነፋችሁ ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አላችሁ። ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ ይሰማዋል፤ ምስክርም ማስረጃም እንደገና ይቀርባል። ይህ ለአመልካችም ለተጠሪም እኩል ነው።

ደረጃ 6፦ «ሽማግሌ ልላክ?»

አይሆንም። ይህን ክፍል ለብቻው ያደረግኩት በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚታሰረው በዚህ ስለሆነ ነው።

አገር ቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል። የንስሐ አባት ይገባሉ። አክስት ከአዲስ አበባ ትደውላለች። ባህላችን ነው፤ ብዙ ቤትም አቁሟል። «ምንም ዓይነት ግንኙነት የለም» የሚል ትዕዛዝ ካለ ግን በሰው በኩል የተላከ መልእክትም ግንኙነት ነው። «ጋሼ፣ እስቲ አንተ አናግራት» ያለ ሰው ትዕዛዙን ጥሷል። ጋሼም ሳያውቁት መልእክተኛ ሆነዋል። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ስትጠየቁ መጀመሪያ «ወረቀቱን አሳየኝ» በሉ።

ለልጆች በዜል ገንዘብ ልኮ ማስታወሻው ላይ «ናፍቀሽኛል» መጻፍ ግንኙነት ነው። በልጅ አፍ «አባባ ይቅርታ ብሏል» ማስባልም ነው። በቲክቶክ ላይቭ ወጥቶ ስም ሳይጠሩ መናገርስ? ቅጂው ችሎት ላይ እንደሚቀርብ አድርጋችሁ አስቡት።

ደግሞም ይህን እወቁ፦ አመልካቿ ራሷ «ና፣ ለልጁ ልደት ምጣ» ብትል ትዕዛዙ አልተነሳም። የሚያነሳው ዳኛ ብቻ ነው። ከታረቃችሁ አብራችሁ ከመኖራችሁ በፊት ትዕዛዙ እንዲነሳ ወይም እንዲሻሻል ጠይቁ። ስለ ልጅ ብቻ መልእክት እንድትለዋወጡ የሚፈቅድ አንቀጽ እንዲገባም መጠየቅ ይቻላል። ልጅ መቀባበያ ቦታና ሰዓትም ትዕዛዙ ውስጥ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ጠብ እዚያ ይነሳል።

ደረጃ 7፦ ማመልከቻ ከተደጋገመባችሁ

ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ሲሆን ሰው ይደክመዋል፤ ሥራ ይቀርበታል። ድካሙን በጩኸት ሳይሆን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አሳዩ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የቀረበበት ቀን፣ የተባለው ነገር፣ ውጤቱ። ከክለርኩ የውሳኔዎቹን የተረጋገጠ ግልባጭ ውሰዱ። የችሎት ድምፅ ቅጂም ይጠየቃል። ከዚያ በጎኑ የአሳዳጊነት ክርክሩን ቀጠሮዎች ጻፉ። እያንዳንዱ ማመልከቻ ከአሳዳጊነት ችሎት ሦስት ቀን በፊት የገባ ከሆነ ዳኛው ራሱ ያየዋል። እናንተ «ውሸታም ናት» ማለት አያስፈልጋችሁም። ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የተከፈተ የፍቺ ወይም የልጅ መዝገብ ካለ የጥበቃው ጉዳይ ወደዚያ እንዲዛወር መጠየቅ ይቻላል፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ይታያል።

በክፉ ልቡና ወይም ያለ በቂ ምክንያት ክርክር ለሚያስነሳ ወገን የሜሪላንድ ደንብ 1-341 አለ። ዳኛው ወጪና የጠበቃ ክፍያ ሊያስከፍለው ይችላል። በቀላሉ የሚሰጥ ግን አይደለም። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ፣ ዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሕግ ፍርድ ቤት በደል ፈጽሟል ያለውን ሰው የቀድሞ አጋሩን በክስ እንዳያሳድድ ከ48 እስከ 72 ወር ሊያግደው ይችላል።

እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር። ውድቅ የሆነ ማመልከቻ ሁሉ ውሸት አይደለም። ሴትየዋ ፈርታ ቀርታ ይሆናል። ቤተሰብ «አታዋርጅን» ብሎ አስትቷት ይሆናል። አስተርጓሚ ሳይኖር ቀርቶ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስት ጊዜ የተወች ሰው በአራተኛው እውነቷን ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ ለዳኛው ለምን እንደተወች በግልጽ ትናገር፤ ዳኞች ይህን ከዚህ በፊት ሰምተውታል።

መዝገቡ ውድቅ ከተደረገ ስማችሁ በፍርድ ቤቱ የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ እንዳይታይ መጠየቅ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት መጠበቅ አለ፤ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ የካሣ ክስ እንደማታነሡ ከፈረማችሁ ግን ቀደም ብሎ ይቻላል። ቀድሞ በሁለታችሁ መካከል የመጨረሻ ትዕዛዝ ተሰጥቶባችሁ ከነበረ አይሆንም። ኡበርም ሆነ ሌላ ሥራ የሚያመለክት ሰው ይህን ቅጽ ችላ አይበል።

ደረጃ 8፦ ግሪን ካርድ ካለ

የጥበቃ ትዕዛዝ መሰጠቱ ብቻውን ከአገር አያስወጣም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። መጣሱ ግን ያስወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ባለው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ፍርድ ቤት አንድ ሰው ከዛቻ፣ ከተደጋጋሚ ትንኮሳ ወይም ከአካል ጉዳት የሚጠብቀውን የትዕዛዝ ክፍል ጥሷል ካለ፣ በወንጀል ሳይፈረድበትም ለመባረር ይዳርገዋል። ስለዚህ ዜጋ ያልሆነ ሰው «ጥፋተኛ ነኝ ብልና ልገላገል» ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር።

በሌላ በኩል «ኢሚግሬሽን ደውዬ አስወጣሻለሁ» እየተባለች ዝም ያለች ካለች፣ መንገድ አለ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ የትዳር ጓደኛ በደል ያደረሰበት ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ያለ ትዳር ጓደኛው ፊርማ ለግሪን ካርድ መንገድ የሚከፍተውን ማመልከቻ ራሱ ማስገባት ይችላል። ከበደሉ ጋር የተያያዘ ፍቺ ከሆነ ከፍቺው በኋላ 2 ዓመት ጊዜ አለ።

ወንዙን ስትሻገሩ፦ ዲሲና ቨርጂኒያ

በአንዱ የተሰጠ ትዕዛዝ በሌላውም ይከበራል። ሲልቨር ስፕሪንግ የወጣው አሌክሳንድሪያም ይሠራል። ቅጂውን መኪናችሁ ውስጥ ያዙ። በአንዱ ተሸንፎ ያንኑ ታሪክ በሌላው መክፈት ግን ወዲያው ይታወቃል።

በዲሲ ጊዜያዊው 14 ቀን ነው፤ ዋናው እስከ 2 ዓመት ይደርሳል። በቨርጂኒያ የአስቸኳዩ 72 ሰዓት፣ ቀጣዩ 15 ቀን፣ የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ የሚታየው በወጣቶችና ቤተሰብ ጉዳዮች ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የይግባኝ ጊዜው እንደ ሜሪላንድ 30 ቀን አይደለም፤ 10 ቀን ብቻ ነው። ውሳኔው በተነበበ ዕለት፣ ከሕንጻው ሳትወጡ፣ የይግባኙን ቅጽ ከክለርኩ መስኮት ውሰዱ።